ፍጥነትና ልጓም

አንዱ የሚወደውን ነገር ሌላው ሲንቀው ማየት በሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ገበጣ ሲጫወት ጀምበር የሚጠልቅበትን ሰው ጎረቤቱ ሥራ ፈት ይለዋል፤ ያ ጎረቤትም በተራው ጉግስ ለማየት የግማሽ ቀን መንገድ ሲሄድ ሌላው ይስቅበታል። እኔም በአሜሪካ አገር የሚደረገውን የመኪና እሽቅድምድም ከወደድሁ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፥ ወዳጆቼ ዘወትር አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «መኪና በክብ መንገድ ላይ ሦስትና አራት ሰዓት ሲዞር አይቶ ምን ይገኛል? ብዙ ደክሞ፥ ብዙ ቤንዚን አቃጥሎ፥ በመጨረሻው ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ለሚቆም ሰው ምስጋናው ስለ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነውና በቀልድ ሳላልፈው በዚህ ጽሑፍ እመልስ ዘንድ አሰብሁ።

መልሴም ባጭሩ ይህ ነው። ፍጥነትን የሚወዱ፥ ገንዘብን የሚሹ፥ ክብርንም የሚመኙ ሰዎች ባንድ ሜዳ ተሰብስበው በአንድ ሕግ ሲተዳደሩ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሕጉም በዘገየ ጊዜ ምን ያህል ሕይወትና ምን ያህል እውነት እንደሚጠፋ ከዚህ ጨዋታ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ጨዋታ አላየሁም። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እናገራለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የዚህ እሽቅድምድም መኪና በእንግሊዝኛ «ስቶክ ካር» ይባላል። ይህም ማለት ለውድድር ብቻ ተብሎ እንደ ተሠራው ልዩ መኪና ሳይሆን፥ ማንም ሰው ከነጋዴ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ዓይነት መኪና ማለት ነው። ዛሬ የመኪናው ውስጡ ፈጽሞ ልዩ ሆኗል፤ መልኩ ግን በመንገድ ላይ የምናያቸውን የፎርድ፥ የሸቭሮሌና የቶዮታ መኪናዎች እንዲመስል ይደረጋል። የተመልካቹ ፍቅር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገበሬውና መካኒኩ እርሱ ራሱ የሚነዳውን የመሰለ መኪና በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎሜትር ሲበር ባየ ጊዜ ነገሩ የራሱ ነገር ይመስለዋል።

አጀማመሩን ብንመረምር ግን ይህ ጨዋታ የተወለደው ከሕግ በመሸሽ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1920 ዓመት በአሜሪካ አገር የሚያሰክር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1933 ዓመት ጸና። በአፓላችያ ተራሮች አጠገብ፥ በሰሜን ካሮላይና፥ በቨርጂንያና በጆርጅያ የሚኖሩ ድኾች ገበሬዎች ግን ከበቆሎ ውስኪ ማውጣትን ከአባቶቻቸው የተማሩት ሥራ ስለ ነበረ አልተዉትም። ክልከላው ከተነሣም በኋላ ቀረጥ ላለመክፈል ሲሉ በጫካ ውስጥ በስውር ማውጣታቸውን ቀጠሉ። መጠጡን በሌሊት ወደ ከተማ የሚያደርሱት ወጣቶች ነበሩ። መኪናቸው ከውጭ ለሚያየው ተራ የገበሬ መኪና ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ከቀረጥ ጠባቂዎቹ መኪና እንዲያመልጥ ሆኖ የተሻሻለ፥ የኋላው ባሌስትራም ጭነቱ ከብዶት ዝቅ ብሎ እንዳያሳብቅ የተጠናከረ ነበረ። እነዚህ ወጣቶች ሥራ በፈቱ ጊዜ «ማን ይበልጣል?» እየተባባሉ በእርሻ መሬት ላይ ይሽቀዳደሙ ጀመር።

ከነዚህ አንዱ ጁንየር ጆንሰን የሚባለው የሰሜን ካሮላይና ሰው ነው። በመኪና ሲያሳድዱት ሊይዙት ያልቻሉትን ሰው በ1956 ዓመት በአባቱ የውስኪ ማውጫ አጠገብ በእግሩ ሳለ ያዙትና አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ከወጣ በኋላ ወደ ውድድሩ ሜዳ ተመልሶ፥ ባጠቃላይ በትልቁ ማዕርግ 50 ጊዜ አሸናፊ ሆነ፤ በ1986 ዓመትም ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ምሕረት ሰጡት። ከሕግ ሲሸሽ የተማረውን ጥበብ በሕግ ሥር ባዋለው ጊዜ ክብር ሆነለት።

ነገር ግን በዚያ ዘመን በግልጥ በሚደረገው እሽቅድምድም እንኳ የጸና ሥርዓት አልነበረም። በአንዱ ከተማ የተፈቀደው በሌላው ይከለከላል፤ «የአገሩ አንደኛ እኔ ነኝ» የሚለውም ሰው በየአውራጃው ነበረ፤ አዘጋጁ የመግቢያውን ገንዘብ ሰብስቦ ለአሸናፊው ሳይከፍል የሚጠፋበት ጊዜም ነበረ። ይህን ያየ ቢል ፍራንስ የሚባል፥ ሥራው መካኒክ የሆነ፥ ራሱም የሚሽቀዳደም ሰው፥ በዲሴምበር 14 ቀን 1947 ዓመት በፍሎሪዳ አገር በዴይቶና ቢች ከተማ በስትሪምላይን ሆቴል ነጂዎችን፥ ባለ መኪናዎችንና አዘጋጆችን ሰብስቦ መከረ። የዚያ ምክር ፍሬ ናስካር የተባለው ማኅበር ነው፤ እርሱም በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1948 ዓመት በሕግ ተቋቋመ።

አዲሱ ሕግ የተፈተነው ሳይውል ሳያድር ነው። በጁን 19 ቀን 1949 ዓመት በሻርሎት ከተማ በአፈር ሜዳ ላይ የትልቁ ማዕርግ የመጀመሪያው እሽቅድምድም ሲደረግ፥ ግሌን ደናዌይ የሚባል ነጂ ሁሉን ቀድሞ ገባ። ከውድድሩ በኋላ መርማሪዎች መኪናውን ቢያዩት የኋላው ባሌስትራ ከሕግ ውጭ ተለውጦ ተገኘ፤ ይህም ውስኪ ጫኞች ለሌሊት ሥራቸው የሚያውቁት ዘዴ ነበረ። ድሉን ከእርሱ ወስደው ከካንሳስ አገር ለመጣው፥ ሊንከን መኪና ይነዳ ለነበረው ለጂም ሮፐር ሰጡት። የተቀጣው መኪና ባለቤት ተቆጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ግን ክሱን አልተቀበለለትም። ቢል ፍራንስ በዚያ ቀን የሕዝቡን ደስታ ላለማደፍረስ ሲል አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ ኖሮ፥ ማኅበሩ ገና በእንጭጩ በተቀጨ ነበር። የሕግ ክብር የሚታወቀው ባሸነፈው ሰው ላይ በተፈረደ ጊዜ ነውና።

በሚከተለውም ዓመት በደቡብ ካሮላይና በዳርሊንግተን ከተማ ሃሮልድ ብራሲንግተን የሚባል ሰው ጥጥና ኦቾሎኒ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ በአስፋልት የተነጠፈ ትልቅ ሜዳ ሠራ። ባለ መሬቱ «የዓሣ ኩሬዬ እንዳይነካ» ብሎ ቃል ስላስገባው፥ የሜዳው አንዱ ጫፍ ከሌላው ጠበበ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሜዳው እንደ እንቁላል ባንድ ወገኑ ሾጠጥ ያለ ነው። በዚሁ ሜዳ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1950 ዓመት የአምስት መቶ ማይል እሽቅድምድም ተደርጎ 75 መኪናዎች ቀረቡ። ፈጣኖቹ ጎማቸው በአስፋልቱ ላይ እየፈነዳ ሲቆሙ፥ በ43ኛው ተራ ላይ የተነሣው ጆኒ ማንትዝ ባነስተኛ የፕሊሙዝ መኪና ጠንካራ ጎማ አግብቶ በዝግታ እየነዳ፥ ከስድስት ሰዓት በላይ ከፈጀ ድካም በኋላ አንደኛ ወጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ነጂው መሪውን ወደ ግራ ይዞ ከመቀመጥ በቀር ሥራ የሌለው ይመስለዋል። ይህ ከቶ እውነት አይደለም። በ1959 ዓመት የተከፈተው የዴይቶና ሜዳ ዙሪያው ሁለት ማይል ተኩል፥ ማለት አራት ኪሎሜትር ሲሆን፥ መታጠፊያው 31 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ በእግሩ ሊወጣው የሚሞክር ሰው ይቸግረዋል። መኪና በዚህ ተዳፋት ላይ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ዋናው ባላጋራው ነፋስ ነው። ፊት የሚሄደው መኪና ነፋሱን ሲሰነጥቅ ከኋላው ነፋስ የሳሳበት ቦታ ይቀራል፤ የሚከተለውም ወደዚያ ቦታ ቢጠጋ በትንሽ ኃይል እኩል ሊሮጥ ይችላል። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ሁለቱ ተጠግተው ሲሄዱ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚሮጡት ይልቅ አብረው ይፈጥናሉ። ይህን ምሥጢር ከሁሉ አስቀድሞ የተጠቀመበት ከላይ የተናገርነው ጁንየር ጆንሰን ነው፤ በ1960 ዓመት ከሌሎቹ በደከመ መኪና የዴይቶናን አምስት መቶ ማይል ያሸነፈው በዚሁ ዘዴ ነበረ። በዚህ ሜዳ ተቀናቃኙን ያልተጠጋ ሰው አይፈጥንም፤ በመጨረሻው ዙር ግን ሲረዳው የነበረው ባልንጀራ ራሱ ሊቀድመው ከጎኑ ብቅ ይላል። ስለዚህ ነጂው የሰውን ልብ መመርመር እንደ ሞተር ዕውቀት ያስፈልገዋል።

የጎማ ለዋጮቹም ሥራ ለብቻው ትምህርት ነው። በቨርጂንያ ከስቱዋርት መንደር የወጡት የዉድ ወንድማማቾች ክሪክ የሚያነሣው፥ ዳዶ የሚፈታው፥ ቤንዚን የሚሞላው እያንዳንዱ ሰው እርምጃው ተቆጥሮ፥ አንዱ የሌላውን መንገድ ሳይዘጋ እንዲሠራ አስተማሩ። ዝናቸው ስለ ወጣ በ1965 ዓመት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተጠርተው የስኮትላንዱን ሰው የጂም ክላርክን መኪና አገለገሉ፤ እርሱም አሸነፈ። ዛሬ አምስት ሰዎች አራቱን ጎማ ለውጠው ቤንዚንም ጨምረው በአሥር ሴኮንድ ገደማ መኪናውን ይለቁታል።

አሁን ስለ ዳኝነቱ እናገራለሁ፤ በዚህ ነገር የጨዋታው ታሪክ ሁለት ፊት አለውና። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1959 ዓመት በአዲሱ የዴይቶና ሜዳ የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር ሲያልቅ፥ ሊ ፔቲና ጆኒ ቦሻምፕ ጎን ለጎን ሆነው መስመሩን አለፉ። በመጀመሪያ ድሉ ለቦሻምፕ ተሰጠ፤ ፔቲ ግን «የቀደምሁ እኔ ነኝ» አለ። በዚህ ጊዜ ፍራንስ «የተፈረደው ተፈርዷል» ሳይል ፎቶግራፍና ሲኒማ ያነሡትን ሁሉ ማስረጃ እንዲያመጡ ለምኖ መረመረ፤ ከ61 ሰዓት በኋላም ፔቲ መቅደሙ ስለ ታየ ድሉ ለእርሱ ሆነ። ዳኛ የሰጠውን ቃል በማስረጃ ሲያርም ከክብሩ የሚቀነስበት ነገር እንደሌለ ይህ ያስረዳል።

ይህንኑ ዳኝነት ግን አንድ ሌላ ሰው ባስፈለገው ጊዜ አላገኘውም። ዌንደል ስኮት የቨርጂንያ አገር የዳንቪል ከተማ ተወላጅ፥ ሥራው መካኒክ፥ መልኩም ጥቁር የሆነ ነጂ ነበረ። ገንዘብ የሚሰጠው ባለጠጋ ስላልነበረው ሌሎች የተዉትን መኪና እየገዛ፥ በልጆቹ እርዳታ ራሱ እየጠገነ ይሽቀዳደም ነበር። በአንዳንድ ሜዳ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ብዙ ጊዜም ተሰደበ። በዲሴምበር 1 ቀን 1963 ዓመት በፍሎሪዳ በጃክሰንቪል ከተማ በተደረገው ውድድር ከሁሉ ቀድሞ ሳለ የማብቂያው ባንዲራ አልተውለበለበለትም፤ ድሉና ዋንጫው ነጭ ለሆነው ለሁለተኛው ተሰጠ። ሕዝቡ ከተበተነ ከጥቂት ሰዓት በኋላ «የቁጥር ስሕተት ነበረ» ተብሎ ስኮት አሸናፊ መሆኑ ታወቀ፤ ዋንጫው ግን አልተሰጠውም። እርሱና ቤተሰቡ ነገሩ የቁጥር ስሕተት እንዳልነበረ፥ ጥቁር ሰው አሸናፊ ሆኖ በሕዝብ ፊት እንዳይቆም ተብሎ የተደረገ እንደ ነበረ ያምኑ ነበር።

ስኮት በ1990 ዓመት ሞተ። በማኅበሩ የክብር አዳራሽ ስሙ የገባው በ2015፥ ማኅበሩም ለቤተሰቡ ዋንጫ የሰጠው በ2021 ዓመት በኦገስት ወር ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 4 ቀን በታላዴጋ ሜዳ ቡባ ዋላስ አንደኛ ወጣ፤ ከስኮት በኋላ በትልቁ ማዕርግ ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር ነጂ እርሱ ነው። የደቡቡን የባርነት ጦርነት የሚያስታውሰው ባንዲራ በሜዳዎቹ ላይ እንዳይውለበለብ የተከለከለውም ገና በ2020 ዓመት ነበረ። እንግዲህ አንባቢ ያመዛዝን፤ ለአንዱ ሰው እውነቱን ለማውጣት 61 ሰዓት በቃ፤ ለሌላው ቤተሰብ ዋንጫው እስኪመጣ ድረስ ሃምሳ ሰባት ዓመት አለፈ። ፎቶግራፉም፥ የቁጥሩ መዝገብም በሁለቱም ዘመን ነበረ፤ የጎደለው የዳኞቹ ፈቃድ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደ ተባለ፥ የስኮት ልጆች አልረሱትም፤ ጨዋታውን የምንወድ እኛም ልንረሳው አይገባንም።

ሁለተኛውና የሚብሰው ነገር የሕይወት ነገር ነው። ይህን ስጽፍ ራሴንም ከተወቃሾቹ ለይቼ አላወጣም።

ይህን ጨዋታ የሚወድ ሰው አንድ ነጂ ይመርጣል፤ የመኪናውንም ቁጥር እንደ ቤተ ዘመዱ ስም ይይዘዋል። ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከቀኑ አስቀድሞ መጥቶ በሜዳው አጠገብ ድንኳን ይተክላል፤ ሥጋ ይጠብሳል፤ ጎረቤቱንም ይጋብዛል። በጆሮው ላይ ባደረገው መሣሪያ ነጂው ከሠራተኞቹ ጋር የሚነጋገረውን ያዳምጣል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ሰው ሁሉ ቆቡን አውልቆ ይቆምና አንድ ሰባኪ ለነጂዎቹ ደኅንነት ጸሎት ያደርሳል። ለብዙዎች 43 ቁጥር ሲባል 200 ጊዜ ያሸነፈው የሊ ፔቲ ልጅ ሪቻርድ ፔቲ ነው። የእኔ ምርጫ ግን 3 ቁጥር የተጻፈበት ጥቁር መኪና፥ ነጂውም ዴል ኧርንሃርት ነበረ።

ኧርንሃርት በሰሜን ካሮላይና የተወለደ፥ አባቱም በዚሁ ሙያ የታወቀ፥ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ መኪና ሥራ የገባ ሰው ነው። ሰባት ጊዜ የዓመቱ አሸናፊ ሆነ፤ የዴይቶናን አምስት መቶ ማይል ግን ዓመት በዓመት ሲሞክር ያመልጠው ነበር። በሃያኛው ሙከራው፥ በ1998 ዓመት፥ ባሸነፈ ጊዜ የተቀናቃኞቹ ሠራተኞች ሁሉ በሰልፍ ቆመው እጁን ጨበጡት። ሰው ጠላቱ የሚያከብረውን ያህል ክብር የለውም፤ እኔም ያን ቀን ባየሁ ጊዜ ደስታዬ ከልክ ያለፈ ነበረ።

በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 ዓመት በዚያው ሜዳ በመጨረሻው ዙር በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይሄድ ነበር። ከፊቱ የነበሩት ማይክል ዋልትሪፕና የራሱ ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱም የሚነዱት የእርሱን ድርጅት መኪና ነው። መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ተነካክቶ ወደ ግንቡ ወጣና መታው። እኔ በቴሌቪዥን ከሚመለከቱት አንዱ ነበርሁ። ግጭቱ ከብዙዎቹ ያየናቸው ግጭቶች ይልቅ ቀላል መስሎ ስለ ታየኝ ወዲያው በሩን ከፍቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን በ49 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዓመት በየሜዳው ሦስተኛው ዙር በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር።

የሞቱን ምክንያት ልንነጋገርበት ይገባል። የነጂው ሰውነት በወንበሩ ላይ በጠፍር ታስሯል፤ ራሱ ግን አልታሰረም። መኪናው ግንብ ሲመታ ሰውነቱ ባለበት ይቀራል፤ ራሱ በታላቅ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል፤ በዚህም የራስ ቅሉ ሥር ይሰበራል። ይህ ጉዳት በ2001 ዓመት የተገኘ አዲስ ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት በ2000 በሜይ ወር የሊ ፔቲ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው አዳም ፔቲ በ19 ዓመቱ በኒው ሃምፕሻየር ሜዳ ግንብ መትቶ ሞቶ ነበር፤ በጁላይ ወርም በዚያው ሜዳ ኬኒ ኧርዊን ሞተ፤ በኦክቶበር ወር ደግሞ በቴክሳስ ቶኒ ሮፐር ሞተ። የሚያሳዝነው ነገር መድኃኒቱም አዲስ አለመሆኑ ነው። ሮበርት ሀበርድ የሚባል የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከእሽቅድምድም ነጂው ከጂም ዳውኒንግ ጋር ሆኖ በትከሻ ላይ የሚያርፍ፥ የራስ ቁሩን በማሰሪያ የሚይዝ መሣሪያ ከ1980 ዓመት ወዲህ ባለው ጊዜ ሠርቶ ነበር። በዚያ ቀን ከተሰለፉት 43 ነጂዎች ግን ያደረጉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ኧርንሃርትም አላደረገውም።

ስለ ምን አላደረጉትም ቢባል፥ አንገት የሚይዝ ነገር ለጀግና የማይገባ መስሎ ስለ ታየ ነው። ይህን አሳብ በነጂዎቹ ልብ ያሳደርነው ደግሞ እኛ ተመልካቾች ነን። አደጋውን እንደ ጀግንነት ቆጥረን አጨበጨብን፤ መከላከያ የሚያደርገውን ፈሪ አልን። ማኅበሩም መሣሪያውን ሳያዝ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ተወው። በየእሑዱ ለደኅንነት ጸሎት አድርሰን ስናበቃ ሜዳውን የከበበውን ግንብ ግን እንደ ነበረ ተውነው። ጸሎት የሚያደርስ ሰው እጁን ከሥራ ያሳርፍ ዘንድ አልታዘዘም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ካህናቱ ያውቁታል።

ሕጉ ከሞት በኋላ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1964 ዓመት በሻርሎት ሜዳ ፋየርቦል ሮበርትስ የሚባል የታወቀ ነጂ በእሳት ተቃጥሎ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሞተ ጊዜ፥ ቤንዚን እንዳይፈስ የሚይዝ የጎማ ከረጢትና እሳት የሚቋቋም ልብስ ተፈለገ። በ1987 ዓመት በታላዴጋ ቢል ኤሊዮት በሰዓት 342 ኪሎሜትር ባስመዘገበ በጥቂት ቀን ውስጥ የቦቢ አሊሰን ጎማ ፈንድቶ መኪናው ወደ ሕዝቡ ወገን በረረ፤ አጥሩን ቀድዶ ተመልካቾችን አቆሰለ። በሚከተለው ዓመት በታላላቆቹ ሜዳዎች ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነፋስ የሚያጠብ የተበሳ ብረት እንዲገባ ታዘዘ። ያ ብረት እንደ ፈረስ ልጓም ነው፤ ኃይሉን አልገደለውም፤ በልክ አደረገው እንጂ።

ከኧርንሃርት ሞት በኋላ ግን ሥራው በብርቱ ተያዘ። በዚያው በ2001 ዓመት በኦክቶበር ወር የራስ መያዣው መሣሪያ ለሁሉም ግዴታ ሆነ። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በግንቡ ፊት የሚቆም የብረት አጥር ሠሩ፤ በብረቱና በግንቡ መካከል የግጭቱን ኃይል የሚውጥ ለስላሳ ነገር ስላለ መኪናው ሲመታው አጥሩ ጥቂት ይሸሻል። ይህም በ2002 ዓመት መጀመሪያ በኢንዲያናፖሊስ ቆመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ ሌሎቹ ሜዳዎች ተስፋፋ። በ2007 ዓመት የነጂውን መቀመጫ ወደ መካከል ያስጠጋ፥ ጎኑም የጠነከረ አዲስ መኪና ወጣ። ይህም ሁሉ ሆኖ በ2015 ዓመት ካይል ቡሽ በዴይቶና ይህ አጥር ያልደረሰበትን የግንብ ክፍል መትቶ እግሩ ተሰበረ፤ ከዚህ በኋላ የቀረው ግንብ እንዲሸፈን ተደረገ። ሕግ ባንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የተረሳች አንዲት ማዕዘን ብትኖር አደጋ እርስዋን ይፈልጋል።

የዚህ ሥራ ፍሬ እንዲህ ታየ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2020 ዓመት በዴይቶና በመጨረሻው ዙር ቀዳሚ የነበረው ራያን ኒውማን ከግንቡ ጋር ተጋጨ፤ መኪናው ተገልብጦ በአየር ላይ ሳለ ሌላ መኪና በነጂው ወገን መታው። ከኧርንሃርት የከፋ ግጭት ነበረና ሁላችንም ሞተ ብለን ቀረን። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የሁለት ሴቶች ልጆቹን እጅ በግራና በቀኝ ይዞ ከሆስፒታል በእግሩ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ታየ። ከ2001 ዓመት እስከ 2024 ዓመት ድረስ በዚህ በትልቁ ማዕርግ ውድድር አንድ ነጂ እንኳ አልሞተም። ብዙ ዋንጫ ሲነሣ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ፎቶግራፍ ያስደሰተኝ ግን የለም።

አንዳንድ የቆዩ ወዳጆች «ዛሬ ጨዋታው ለዛ የለውም፤ የድሮዎቹ ወንዶች ነበሩ» ይላሉ። የእነርሱን ናፍቆት አልንቅም፤ እኔም ያን ጥቁር መኪና እስከ ዛሬ እናፍቃለሁ። ነገር ግን የናፈቅነው የእነዚያን ሰዎች ጥበብና ድፍረት እንጂ መቃብራቸውን አይደለም። ጎማ ያልፈነዳበት ማንትዝ፥ ነፋሱን ያወቀ ጆንሰን፥ ባልተሟላ መኪና ሁሉን የቀደመ ስኮት፥ አንዳቸውም ለመሞት ብለው አልተሰለፉም።

ወዳጆቼ «ከተነሣበት ተመልሶ ለሚቆም ሰው ምስጋናው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ሰውየው ወደ ተነሣበት ቦታ በደኅና መመለሱ፥ ከተመለሰም በኋላ የሠራው ሥራ በእውነት መቆጠሩ፥ ይህ ራሱ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። ይህም የሚሆነው ሕግ አውጪዎች ሕጉን ከአደጋው ቀድመው ሲያወጡ፥ ዳኞችም ለሁሉ ሰው ባንድ ዓይን ሲያዩ ነው። የናስካር አለቆች ሁለቱንም በመጨረሻ አደረጉ፤ ግን ብዙ ጊዜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነባቸው። በማናቸውም ሥራ ላይ የተሾመ ሰው፥ መንገድ የሚያሠራም ቢሆን፥ ፋብሪካ የሚቈጣጠርም ቢሆን፥ ትምህርት ቤት የሚመራም ቢሆን፥ በእጁ ያለው መድኃኒት በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰው የሞተ እንደ ሆነ በኋላ የሚጽፈው ደንብ ለሟቹ አይደርስለትም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።